የሞተሬን ባትሪ ማን እንደጨረሰው

እኔ ወንድምህ ዳርጌ ዘንድሮ ሰባ አራት ዓመት ሞላኝ። ዛሬም ቆርቆሮዬን ራሴ እቆርጣለሁ፣ ኩራዝና ጣሳ ራሴ እሠራለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ሽሮዬን ራሴ አበስላለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ ዕቃዬን ሞተር ላይ አስሬ አልዱባ ገበያ ውዬ እመለሳለሁ። መነጽሬን ካደረግኩ ደግሞ ይኸው እጽፋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግርህ ደብዳቤውን ስታይ ማን ጻፈለት እንዳትል ነው። ማንም አልጻፈልኝም። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ሳውላ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን የለቀምናት ፊደል ናት። አንተ ቶሎ ገባህ፣ እኔ ዘገየሁ። ጠማማ ሆና ካገኘሃት ፀደይ ታቃናልህ።

ውድ ወንድሜ ሚልክያስ፣ እንደምን አለህልኝ? ጌታ በሰላሙ ጠብቆህ ከረምክ ወይ? ወገብህስ? ያ ጠዋት ጠዋት የሚያስነሳህ ሳል ተወህ ወይስ የሐይቁ ንፋስ ባሰበት? እንቅልፍ ይወስድሃል? ምግብ ይበላልሃል? ልጅህ ፀደይ፣ ባለቤቷ ኤልያብ፣ የልጅ ልጅህ ዮርዲ ሁሉም ደኅና ናቸው? እኔ በአካሌ ደኅና ነኝ፣ ጌታ ይመስገን። ዝናቡ ዘንድሮ በጊዜው ገብቷል፣ የጓሮው ሙዝ አፍርቷል፣ የጎረቤታችን የአሰገደች ላም ወልዳለች። በልቤ ግን ደኅና አይደለሁም። ነገሩን ካወቅኩ ዛሬ አምስት ቀኔ ነው፤ እስካሁን ክው እንዳልኩ ነኝ። መዶሻ አነሳለሁ፣ ለምን እንዳነሳሁት ይጠፋኛል። ወጡን እሳት ላይ ጥጄ ረስቼው ሁለት ቀን አሳርሬአለሁ።

በስልክ ልነግርህ ሞክሬ ነበር። ፀደይ አንስታ አባቷ እዚያው አጠገቧ እንዳለ ነግራኝ ላቅርብልህ ወይ ስትለኝ ዘጋሁት። ኔትዎርክ ነው ብላችሁ ይሆናል። ኔትዎርክ አይደለም። ደግሞስ እኔ አንተን ያዋረድኩህ ሰው ፊት ነው፤ በስልክ በጆሮህ ሹክ ብዬ የምገላገለው ነገር አይደለም። በወረቀት ይቀመጥ፣ የሚነበብለት ሁሉ ይስማው። ስለዚህ አንተ የምታውቀውንም ጭምር ከመጀመሪያው እጽፈዋለሁ።

ባለቤቴ ወደ ጌታ ስትሄድ፣ ይኸው ስድስት ዓመት ሆነ፣ ወንድሜ ብቻውን አይቀርም ብለህ የሳውላውን የልብስ ስፌት ሥራህን ትተህ ጂንካ መጣህልኝ። የጓሮዋን ክፍል ሰጠሁህ። ሞተሬም የሚቆመው እዚያው በርህ አጠገብ ከጣራው ሥር ነው። ባለፈው መስከረም ልጄ ተስፋ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ያችን ትንሽ ቻርጀር ይዞልኝ መጣ። መጠኗ ከልብስ ሳሙና አይበልጥም፤ ቀይና ጥቁር መቆንጠጫ አላት። ሞተር ቆሞ ሲውል ባትሪው በራሱ ጊዜ እንደሚደክም፣ ይቺን ባትሪው ላይ ቆንጥጬ ግድግዳው ላይ ሰክቼ ብተዋት ግን ጠብ ጠብ እያደረገች እንደምትሞላው፣ ሲሞላም ራሷ እንደምታቆም አስረዳኝ። ሰክተህ ተዋት አለኝ፤ እኔም ሰክቼ ተውኳት። ያለው ይህን ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋ ምን አድርግ አላለኝም። አዲስ አበባ ያለ ሰው የጂንካን መብራት ምን ያውቃል?

እዚህ ላይ ለማንም ያልተናገርኩትን ልናገር። ቀኝ ጉልበቴ ከሁለት ዓመት ወዲህ የሞተሩን ማስነሻ መርገጥ አይችልም። ረገጥ ሳደርገው እንደ እርጥብ ገመድ ይታጠፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ የምሠራው በአውራ ጣቴ ነው፤ የማስነሻዋን ቁልፍ እጫናለሁ፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ሰው ሁሉ ዳርጌ አሁንም ጎበዝ ነው ይላል። ባትሪው ከሞተ ግን አልዱባ የለም፣ ገበያ የለም። ተስፋ ይህን ቢያውቅ ሞተሩን ሽጠህ እኔ ጋር ና፣ አልጋ ላይ ተቀምጠህ ቴሌቪዥን እይ ይለኛል። ለዚህ ነው ያን ባትሪ እንደ ዓይኔ ብሌን የጠበቅኩት።

ቻርጀሯ መብራት ባለ ጊዜ አረንጓዴ ታበራለች። ያስደነቀኝ ግን መብራት ሲጠፋም አለመጥፋቷ ነው። ሠፈሩ በሙሉ ጨልሞ የእኔዋ አረንጓዴ ብቻ ቁልጭ ብላ ትታያለች። አሰገደችን ከሱቋ ጠርቼ አሳየኋት። የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ ጋሽ ታደለን ጠርቼ አሳየሁት። መብራት ኖረም አልኖረም ሥራዋን አታቆምም፣ ጥበብ ማለት ይሄ ነው አልኳቸው። አንተ ጎንበስ ብለህ አየሃትና "ጋሼ፣ መብራት ከሌለ ይቺ ከየት አምጥታ ነው የምትበራው?" አልከኝ። እኔ ብስክሌት እንኳ ነድቶ የማያውቅ ሰው ስለ ሞተር ሊያስተምረኝ ነው ብዬ ሳቅኩብህ። እነሱም ሳቁ። አንተም ሳቅክ።

ከዚያ ባትሪው ጠዋት ጠዋት ሞቶ መገኘት ጀመረ። ሁልጊዜ አይደለም። እኔም ዝም ብዬ ስከታተል ቆየሁ። ማታ መብራት በጠፋ ቁጥር አንተ ሬዲዮህን ትከፍታለህ፤ መዝሙሩ፣ ዜናው፣ ግድግዳ አልፎ እኔ ድረስ ይሰማል። በማግስቱ ባትሪው ደክሞ ይገኛል። መብራት ባለበት ማታ ሬዲዮህ ድምፅ የለውም፤ አንተ ያኔ መጽሐፍ ቅዱስህን ነው የምታነበው። በማግስቱ ባትሪው ደኅና ነው። ሥራ ቤቴ ግድግዳ ላይ በከሰል ማስመር ጀመርኩ፤ መብራት የጠፋበትን በአንድ ረድፍ፣ ሬዲዮህ የጮኸበትን በአንድ ረድፍ፣ ባትሪው የሞተበትን በአንድ ረድፍ። አሥራ አንድ አሥራ አንድ መስመር ሆነው ሦስቱም ረድፎች ልክክ አሉልኝ። ወንድሜ ከባትሪዬ ሽቦ ስቦ ሬዲዮውን ያጫውታል አልኩ። በራሴ ብልጠት ኮርቼ ያን ግድግዳ እየደጋገምኩ አየው ነበር፤ እውነቱን ነው የምነግርህ።

ይህን ሁሉ ስል አንተ ያለቁ የባትሪ ድንጋዮችህን በየቀኑ ትንሽ ነፍስ እንዲዘሩልህ ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ ታሰጣቸው ነበር። በዓይኔ አያቸዋለሁ። የእግዜር ፀሐይ ላይ የተደረደረ ድንጋይ እያየሁ ድንጋይ የለውም እል ነበር። አሁን ሳስበው የሰው ልጅ ዓይን ምን ጉድ ነው? አሰገደች እንኳ ራሷ ነግራኛለች። አንተ በየአሥራ አምስት ቀኑ አራት ድንጋይ ከእሷ እንደምትገዛ ስትነግረኝ፣ እሱን ለሽፋን ነው የሚገዛው፣ አንቺም ደንበኛሽ እንዳይቀርብሽ ትዋሺያለሽ ብዬ ሱቋ ደጅ ላይ፣ ሰው በተሰለፈበት መለስኩላት።

ያቺን የታኅሣሥ ማክሰኞ መቼም አትረሳትም። ዕቃዬን ጭኜ፣ ኮፍያዬን አድርጌ፣ ቁልፏን ብጫን ጠቅ ብላ ዝም አለች። ውሃ ሊቀዱ የሚሄዱ ሴቶች መንገዱ ላይ ነበሩ። እያዩኝ ሞተሩን ትቶ መውረድ አልሆነልኝም፤ ማስነሻውን ረገጥኩ። ጉልበቴ ከዳኝ። እኔ ከታች፣ ሞተሩ ከላይ፣ ጣሳውና ኩራዙ ቁልቁለቱን እየተንኳኳ ወረደ። አንተ ጫማህን እንኳ ሳታደርግ ሮጠህ ወጥተህ ሞተሩን አነሳህልኝ፣ እኔን አነሳህ፣ ሱሪዬን አራገፍክልኝ፣ ከዚያ ወርደህ ዕቃዬን አንድ በአንድ መልቀም ጀመርክ። እኔ ግን ሴቶቹ እየሰሙ "ማታ ባትሪዬን ጠጥተህ፣ ጠዋት ደግሞ ታነሳኛለህ?" አልኩህ። ሴቶቹ ጀሪካናቸውን ይዘው ቀጥ አሉ። አንተ በእጅህ የነበረውን ጣሳ መሬት ላይ ቀስ ብለህ አስቀመጥክና ወደ ክፍልህ ገባህ።

በዚያው ሳምንት አንተ ጸሎት ቤት ሳለህ ክፍልህን በረበርኩ። ሽቦ ፈልጌ ፍራሽህን ገለበጥኩ፣ ሬዲዮህን በጠፍጣፋ ቢላ ፈታሁ። ሽቦ አላገኘሁም፤ ደብቆታል አልኩ። መልሼ ስገጥመው ሬዲዮው ድምፁ ጠፋ። አንተ ስትመጣ አይተኸዋል። ከዚያ ጋሽ ታደለንና ሁለት ሽማግሌዎችን ጠራሁ። ሥራ ቤቴ አስገብቼ የከሰሉን መስመር በጣቴ እያሳየሁ ቆጠርኩላቸው። አንተን ጠየቁህ። "አልነካሁም" አልክ፣ አንዴ ብቻ። ይኸው ዝም አለ፣ ንጹሕ ሰው ዝም አይልም አልኳቸው። እነሱም ጉዳዩ እስኪጣራ ተብሎ የመባው ሣጥን ቁልፍ ለጊዜው ከሽማግሌዎቹ ወደ አንዱ፣ ወደ ኖላዊ ይሂድ አሉ። አራት ዓመት ያለ አንዳች ነቀፋ የያዝከውን ቁልፍ ከአንገትህ አውጥተህ ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ የክሩ ምልክት አንገትህ ላይ ቀርቶ ነበር። አየሁት፤ ዓይኔን አዞርኩ።

በጥር ዘጠኝ፣ ለጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በማለዳው አውቶቡስ ወደ ፀደይ ወደ ሐዋሳ ሄድክ። ነቅቼ ነበር። የሻንጣህን ድምፅ፣ የበሩን ድምፅ ሰምቼ አልወጣሁም።

አሁን ጉዱን ስማ። አንተ በሄድክ በሳምንቱ የሠፈራችን ትራንስፎርመር ተቀየረ። ጥርን፣ የካቲትን፣ መጋቢትን መብራት ጠፍቶ አያውቅም ብልህ ማጋነን አይሆንብኝም። ባትሪውም አንድ ቀን አልደከመም። ቁልፏን ስጫን እንደ ወጣት ፈረስ ይነሳል። አሰገደችን ሳገኛት "አየሽ? ሌባው ሲሄድ ባትሪው ዳነ" አልኳት። እሷም ላሟን ወደ ቤት እየነዳች "ጋሽ ዳርጌ፣ ሌባውስ ሄደ፤ ማታ ማታ የሚያጫውትዎ ሰውስ?" አለችኝ። እኔ ግን ልክ ነበርኩ፣ እንዲያ ነበር የማስበው። ሽማግሌዎቹንም ባትሪዬ ይመስክር እላቸው ነበር።

ሚያዝያ ሃያ አንድ ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው ዛፍ ሽቦው ላይ ወደቀ። አራት ቀን መብራት አልነበረም። እኔ ምን ጨነቀኝ? አረንጓዴዋ አለች። ግቢው ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም፣ ያንተ ክፍል ተቆልፏል፣ የግቢው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ጭኜ ቁልፏን ብጫናት ጠቅ እንኳ አላለችም። ያኔ አረንጓዴዋን ባያት እሷም ሞታለች። ወንድሜ፣ ጣሳ የተሞላ ጆንያ ከኋላዬ እንደታሰረ ሞተሩ ላይ ተቀምጬ ፀሐይ እስኪሞቀኝ ድረስ አልወረድኩም። መጀመሪያ ያሰብኩት ምን እንደሆነ ልንገርህ? በማታ አጥር ዘልሎ ተመልሶ መጣ ብዬ አሰብኩ። ከሐዋሳ! እስከዚህ ድረስ ነው ግትርነቴ። አጥሩን ዞሬ አየሁ፣ ጭቃው ላይ የሰው ዱካ ፈለግኩ። የዶሮ ዱካ ብቻ ነው ያለው።

ዓርብ ባትሪውንም ቻርጀሯንም ይዤ መናኸሪያው አጠገብ ሞተር ወደሚሠራው ወደ ወንድይፍራው ሄድኩ። ልጁ ነገር አያበዛም። ሌላ የሞላ ባትሪ አመጣ፣ ቻርጀሯን ቆነጠጠበት፣ መሐል ላይ መርፌ ያላት መለኪያ ገጠመ። ግድግዳው ላይ ሲሰካት መርፌዋ ወደ ቀኝ ሄደች። ወደ ባትሪው እየገባ ነው አለኝ። ከዚያ ሶኬቱን ነቀለው። መርፌዋ ተመልሳ መሐሉን አልፋ ወደ ግራ ዞረች። አረንጓዴዋ አልጠፋችም። ወንድይፍራው የተነቀለውን ሶኬት ከፍ አድርጎ አሳየኝና "ጋሽ ዳርጌ፣ መብራቱን ነቅያለሁ፤ ታዲያ ይቺ ከየት አምጥታ ነው የምትበራው?" አለኝ።

ያንተን ቃል ነው የተናገረው። ከየት አምጥታ የሚለውን አንድም ሳይጨምር ሳይቀንስ። አንተን አያውቅህም እኮ! መብራት ሲኖር ጠብ ጠብ እያደረገች የምትሞላው ቻርጀር መብራት ሲጠፋ መልሳ ከባትሪው ጠብ ጠብ እያደረገች ትጠጣለች፤ ሁሉም ቻርጀር እንዲህ አይደለም፣ የእኔዋ ግን ናት። ባትሪውም አርጅቷል፣ አንድ ማታ ይበቃዋል። መብራት ሲጠፋ መቆንጠጫውን መንቀል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው አለኝ። መንቀል ብቻ! እዚያ ዘይት የፈሰሰበት መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ወንድይፍራው ውሃ ይዞልኝ መጣ፤ ሙቀት የመታኝ መስሎታል። እኔ ያን የከሰል ግድግዳ እያሰብኩ ነበር። መብራት ጠፋ፣ ሬዲዮ ጮኸ፣ ባትሪ ሞተ፤ ሦስቱም ልክ ነበሩ። የመሐሉን ረድፍ ማን አስገባ አለኝ? አንተ የጨለመብን ቤት ድምፅ እንዲኖረው ነበር ሬዲዮ የምትከፍተው። ወንጀልህ እሷ ናት።

ቤት ስመለስ ድንጋዮችህ ቆርቆሮው ላይ እንደተሰጡ ናቸው፤ ዝናብ አዝጓቸዋል። ቆጠርኳቸው፣ ሃያ ሦስት ናቸው። ሳላነሳቸው እዚያው ተውኳቸው።

ጋሽ ታደለ ይህን ሰምቶ ትናንት መጣ። እሱም ደንግጧል። ነገሩ ያለፈ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ሐዋሳ ድረስ ሄደው በጓዳ ያስታርቁን፣ በጉባኤ ፊት ከተነሳ ቁልፉን የተቀበሉት እነሱም አብረው ያፍራሉ አለኝ። እንፈር አልኩት። ስከስህ ሽማግሌ ሰብስቤ ነው፤ ይቅርታ ስጠይቅህ ሽማግሌ ልኬ ቤቴ አልቀመጥም። ተስፋም ደወለ፤ ቻርጀሩን ያመጣሁት እኔ ስለሆንኩ እኔ ልለምንልህ አለ። አንተ ዕቃ ነው ያመጣኸው፣ የሰው ስም ያጠፋሁት እኔ ነኝ አልኩት።

ስለዚህ ያለብኝን ዕዳ እዚህ ላይ እጽፋለሁ፤ ማንም እንዳይከፍልልኝ። እሑድ በጉባኤው ፊት እቆማለሁ። የከሰሉን መስመር እነግራቸዋለሁ፣ ጉልበቴንም እነግራቸዋለሁ፣ የሣጥኑ ቁልፍ በምን ምክንያት ካንተ እንደተወሰደ ሁሉም እስኪሰማ አልቀመጥም። አሰገደችን ውሸታም ያልኳት ሱቋ ደጅ ላይ ነው፤ ሰው ሲሰለፍ ጠብቄ እዚያው ደጅ ላይ እመልሳለሁ። ትተኸው የሄድከውን ሬዲዮህን ወንድይፍራው ለሚያውቀው የሬዲዮ ሠራተኛ ሰጥቶልኛል፤ እስኪናገር ድረስ ከሰውየው ፊት አልነሳም። ጉልበቴን ተስፋ ከጉባኤው ወሬ ሳይሰማ ቅዳሜ ራሴ ደውዬ እነግረዋለሁ፤ የሚለኝን ይበለኝ።

ለፀደይ ሰላምታዬን ስጥልኝ። በጥር ደውላ አባቴን ምን አደረግከው ብላ ስታለቅስ ራሱን ጠይቂው ብዬ የዘጋሁባት እኔ ነኝ፤ የእሷ ዕዳ አለብኝ። ለኤልያብ ሰላምታዬን ስጥልኝ። እንደ ልጅ አክብሮ፣ ነገሩን በእርጋታ እንድናየው የጻፈልኝን ወረቀት አንብቤ አጥፌ ከመስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት፤ የመልስ ዕዳ አለብኝ። ዮርዲን ሳምልኝ። አያቴ ለምን ጂንካን ትቶ መጣ ብላ ስትጠይቅ ምን ስትሏት እንደቆያችሁ አላውቅም፤ እውነቱን ዓይኗን እያየሁ እኔ እነግራታለሁ።

ያንተን ግን በወረቀት አልከፍለውም። ከእሑድ በኋላ ባለው ረቡዕ በማለዳው አውቶቡስ እሳፈራለሁ፤ አርባ ምንጭ አድሬ ሐሙስ ማታ ሐዋሳ እገባለሁ። ተመለስ አልልህም፤ እሱን የምጠይቅበት አፍ የለኝም። የምመጣው ይቅር በለኝ ለማለት ነው፤ እሱን ብዬ እመለሳለሁ። በሩን ባትከፍትልኝ ከደጅህ እቀመጣለሁ፣ እስክትወጣ ድረስ።

ወንድምህ ዳርጌ
ጂንካ፣ ግንቦት 3 ቀን 2014 ዓ.ም.